በመጻሕፍት ኅዳግ የተጻፈ የዘር ሐረግ

በአገራችን ዳዊት ወይም ወንጌል ያለው ቤተ ሰብ ከመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ በሚገኘው ባዶ ብራና ላይ የራሱን ጉዳይ የመጻፍ የቈየ ልማድ አለው። ልጅ የተወለደበት ቀን፥ አባት ያረፈበት ዓመት፥ መሬት የተሸጠበት ዋጋ፥ የዋሶችና የምስክሮች ስም በዚያ ይሰፍራል። ጽሑፉ ከመጽሐፉ ቃል ጋራ ምንም ግንኙነት የለውም፤ የጸሓፊውም እጅ ብዙ ጊዜ ያልቀና፥ ፊደሉም አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው። ነገር ግን የርስት ክርክር በተነሣ ጊዜ ሽማግሌዎች አስቀድመው ይገልጡት የነበረው መዝሙሩን ሳይሆን ያችን ባዶ የነበረች ገጽ ነው።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ፥ በማሊ አገር፥ የኒጀር ወንዝ ወደ ሰሜን ወጥቶ የሰሐራን በረሓ ጫፍ ነክቶ በሚመለስበት ስፍራ ቶምቡክቱ የተባለች ጥንታዊት ከተማ ትገኛለች። በዚያች ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ካቲ የሚባል ቤተ ሰብ ለብዙ መቶ ዓመታት የዐረብኛ መጻሕፍት ሲያከማችና በኅዳጋቸው የራሱን ታሪክ ሲጽፍ እንደ ኖረ ይናገራል። ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላነጋገረ ነበር። ዳሩ ግን የእነዚህ ኅዳጎች ምስክርነት በአፍሪካ ታሪክ ትልቅ ስፍራ የተሰጠውን የአንዱን መጽሐፍ ደራሲ ማንነት የሚነካ ሆነ፤ ስለዚህም ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ሲመላለሱበት ቈይተዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፥ የእኛ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቶምቡክቱን ስም አውሮፓ ያወቀው በወርቅ ነበር፤ የከተማይቱ ሰዎች ግን ሀብታቸውን በመጻሕፍትም ይቈጥሩት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከተማይቱን ያየው ሊዮ አፍሪካዊ የተባለው መንገደኛ በገበያው ከሚሸጠው ዕቃ ሁሉ የበለጠ ትርፍ የሚያስገኙት በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት መሆናቸውን መስክሯል። በ1591 የሞሮኮ ሱልጣን ሠራዊት በቶንዲቢ ጦርነት የሶንጋይን መንግሥት ድል ነሣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የቶምቡክቱ ሊቃውንት ተይዘው ኋላ ወደ ማራከሽ ተጋዙ። ከተጋዙት አንዱ አሕመድ ባባ 1,600 መጻሕፍት እንደ ተወሰዱበት፥ ይህም ከዘመዶቹ ሁሉ ስብስብ አነስተኛው እንደ ነበረ ተናግሯል። አነስተኛው ይህን ያህል ከሆነ ትልቁ ምን ያህል እንደ ነበረ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

እነዚህ መጻሕፍት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡ አልነበሩም። በየቤቱ፥ በየሣጥኑ ነበሩ። በእስልምና የውርስ ሕግ መጽሐፍም እንደ ከብትና እንደ ቤት ለወራሾች ስለሚከፈል፥ አባት ሲሞት ስብስቡ ይበተናል፤ ከልጆቹ አንዱ መጽሐፍ ወዳድ ከሆነ ደግሞ ከወንድሞቹ እየገዛና እየለመነ መልሶ ያከማቸዋል። የካቲ ቤተ ሰብ ስብስብም በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተሰብስቦ ብዙ ጊዜ እንደ ተበተነ ይተረካል።

የቤተ ሰቡን ስም ለዓለም ያስታወቀው ግን ሣጥኑ ሳይሆን «ታሪኽ አል-ፈታሽ» የተባለው መጽሐፍ ነው። «ፈታሽ» የሚለው የዐረብኛ ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ ትርጓሜ አያስፈልገውም፤ መርማሪ፥ በርባሪ ማለት ነው። መጽሐፉ የሶንጋይ ነገሥታትን፥ በተለይም በ1493 መንግሥቱን የያዘውን የአስኪያ ሙሐመድንና የልጆቹን ታሪክ ይተርካል። በ1890ዎቹ ቶምቡክቱን የጐበኘው ፈረንሳዊው ጋዜጠኛ ፌሊክስ ዱቧ ስለዚህ መጽሐፍ ዝና ሰምቶ ቢፈልገው ከቍራጭ በቀር ሙሉውን ማግኘት አልቻለም። በ1911 ቦኔል ደ ሜዚዬር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በዚያችው ከተማ መጀመሪያው የጐደለ አንድ ቅጂ አገኘ፤ ከዚያም ግልባጭ ተወሰደ። በሚከተለው ዓመት ብሬቪዬ የተባለ የቅኝ ግዛት ሹም ሦስተኛ ቅጂ ላከ፤ በዚህኛው ውስጥ የጐደለው መጀመሪያ ተገኘ። ሁዳስና ደላፎስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ሦስቱን አንድ ላይ አድርገው በ1913 የዐረብኛውን ቃል ከፈረንሳይኛ ትርጕም ጋራ በፓሪስ አሳተሙት። ለአነጋገር እንዲመች የመጀመሪያውን ቅጂ «ሀ»፥ ግልባጩን «ለ»፥ ኋላ የመጣውን «ሐ» እንበላቸው፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ «ሐ» በተባለው ዙሪያ ነውና።

ደራሲው ስሙን የሚናገረው በ«ሐ» ቅጂ መቅድም ነው። ማሕሙድ ካቲ፥ የሐጅ አል-ሙተወኪል ልጅ፥ ትውልዱም ዋኮሬ፥ ማለት የሶኒንኬ ሕዝብ ተወላጅ እንደ ሆነ ይገልጻል። አስኪያ ሙሐመድ ሲነግሥ የ25 ዓመት ጐልማሳ እንደ ነበረና መጽሐፉን በ1519 እንደ ጀመረም ከዚያው ይነበባል። እንግዲህ የተወለደው በ1468 መሆኑ ነው። አል-ሳዕዲ የተባለው የቶምቡክቱ ታሪክ ጸሓፊ ግን በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በጻፈው «ታሪኽ አል-ሱዳን» ማሕሙድ ካቲ በ1593 እንደ ሞተ መዝግቧል። ሁለቱ ቃሎች አንድ ላይ ከታመኑ ሰውየው 125 ዓመት ኖረ ማለት ነው። ከዚህም በላይ መጽሐፉ ከእርሱ ሞት በኋላ የሆነውንና እስከ 17ኛው መቶ ዓመት የደረሰውን ነገር ስለሚተርክ፥ ሁለቱ አሳታሚዎች አያት ጀመረው፥ የልጅ ልጅ ፈጸመው ብለው ነገሩን አቃለሉት።

በአረጋዊነት የከበረ ሰው እንደ ማቱሳላ ዕድሜው ቢረዝም የሚገረም አንባቢ ላይኖር ይችላል። ይሁን እንጂ ያው የፈታሽ ታሪክ ከ1549 ጀምሮ የገዛው አስኪያ ዳውድ «አል-ቃሙስ» የተባለውን ታላቅ የዐረብኛ መዝገበ ቃላት በ80 ምትቃል ወርቅ ገዝቶ ለማሕሙድ ካቲ እንደ ሰጠው ይናገራል። አንድ ምትቃል ከ4 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ስለ ሆነ ዋጋው ከ300 ግራም ወርቅ በላይ ነው። ከሰማንያ ዓመት በላይ ለሆነው ሽማግሌ ይህን ያህል ወርቅ አውጥቶ መዝገበ ቃላት መግዛት ለንጉሡም ለሽማግሌውም ምስጋና ነው፤ ይበልጥ የሚመስለው ግን ስጦታው ገና በማስተማርና በመፍረድ ላይ ለነበረ ብርቱ ሊቅ መሆኑ ነው። የ«ሐ» መቅድም የሰጠው ዕድሜ ከመጽሐፉ ከራሱ አካል ጋራ አይስማማም።

በ1971 ነሕምያ ሌቭጽዮን የተባለው የአፍሪካ ታሪክ ሊቅ ቅጂዎቹን ጐን ለጐን አድርጎ መረመረ። ያገኘውም ነገር ቀላል ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀላሉን ነገር ለማየት ረዥም ዘመን ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት «ሐ» ሙሉው፥ «ሀ» ደግሞ የተቈረጠው ተብለው ይታሰቡ ነበር። ሌቭጽዮን ይህን ገለበጠው፤ ለ«ሐ» በኋላ ዘመን የተጨመረለት አለ እንጂ ከ«ሀ» ይህ አልተቈረጠም አለ። የተጨመረውም በከንቱ አልነበረም። አስኪያ ሙሐመድ በሐጅ ጉዞው ሳለ፥ እርሱ ከአሥራ ሁለቱ ከሊፋዎች አሥራ አንደኛው እንደ ሆነ፥ አሥራ ሁለተኛው ደግሞ ከማሲና አገር ከፉላኒ ወገን እንደሚነሣ፥ ስሙም አሕመድ እንደሚባል ተነገረው የሚል ትንቢት በ«ሐ» ውስጥ ይገኛል፤ በሌሎቹ ግን የለም።

በእርግጥም አሕመድ ሎቦ የተባለ የፉላኒ መምህር በ1818 በማሲና ተነሥቶ ጠላቶቹን ድል ነሣ፤ ሐምዳላሂ የተባለች ዋና ከተማ ሠራ፥ ቶምቡክቱንም ለሥልጣኑ አስገበረ፥ እስከ ሞተበት እስከ 1845 ገዛ። ዘመናዊ ጦር ከመግዛት ይልቅ ጥንታዊ ትንቢት ማግኘት ለእንዲህ ያለው አዲስ መንግሥት ይጠቅመው ነበር፤ አባቱ ንጉሥ አልነበረምና። በቤተ መንግሥቱ የነበረው ሊቅ ኑሕ ኢብን አል-ጣሂር ይህንኑ ትንቢት እየጠቀሰ ለየአገሩ ገዥዎች ደብዳቤ ላከ። የተጠቀሰው ምስክር ማን ነበር ቢባል፥ የታወቀው የሶንጋይ ሊቅ ማሕሙድ ካቲ ነው።

ትንቢትና መንግሥት ሲገናኙ በእኛም አገር ታይቷል። «ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገር ስለ ነበር፥ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በእኛ አቈጣጠር በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ስመ መንግሥታቸውን ከዚያ ወሰዱ። የማሲናው ነገር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚህ ሰውየው ወደ ተጻፈው ስም ሄዱ፤ እዚያ ግን የተጻፈው ቃል ወደ ሰውየው ስም ተጐተተ።

በ«ሐ» ቅጂ ከገቡት ነገሮች ይልቁንም የሚከብደው ስለ ነገዶች የተጻፈው ነው። በኒጀር ዳር የሚኖሩ ብዙ ወገኖች በትውልዳቸው የአስኪያ አገልጋዮች እንደ ነበሩ፥ ከአባት ወደ ልጅም በዚያው ዕዳ እንደሚኖሩ ይዘረዝራል። የአስኪያ ወራሽ ነኝ ለሚል ገዥ እንዲህ ያለው ዝርዝር እንደ ርስት ሰነድ ያገለግለዋል፤ ሌቭጽዮንም ከትንቢቱ ጋራ አብሮ የተጨመረ መሆኑን አስረድቷል። የዘር ሐረግ ምርመራ የመሳፍንት መዝናኛ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው። አንድ ጸሓፊ በጨመረው ገጽ ምክንያት አንዱ ሕዝብ ገዥ፥ ሌላው ሕዝብ ንብረት ሆኖ ሊቈጠር ይችላል።

በ2015 ማውሮ ኖቢሊና ሙሐመድ ሻሂድ ማቲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከዚህም አልፈው ሄዱ። «ሐ» የተጨማመረበት ቅጂ ብቻ አይደለም፤ ኑሕ ኢብን አል-ጣሂር የማሕሙድ ካቲ የልጅ ልጅ የሆነው ኢብን አል-ሙኽታር በ17ኛው መቶ ዓመት የጻፈውን ታሪክ ወስዶ፥ ቀይሮና አስፍቶ የሠራው ሌላ መጽሐፍ ነው አሉ። በዚህ ፍርድ መሠረት ሁዳስና ደላፎስ አንድ ያደረጉት በእውነት ሁለት ነበር፤ የፈታሽ ታሪክ የተባለውም የ19ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። ደራሲው ማሕሙድ ካቲ መሆኑም በዚሁ ቀረ።

ለካቲ ቤተ ሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለመቶ ዓመት ያህል የአያታቸው ስም በዓለም ቤተ መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ታላቅ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ሲታተም ቈይቶ፥ አሁን ስሙ ለሌላ ሰው ዓላማ የተዋሰ ሆነ። ታዲያ የቤተ ሰቡን እውነተኛ ታሪክ የት እንፈልገው? ነገሩ ወደ ሣጥኑ፥ ወደ ኅዳጉ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

የቤተ ሰቡ ተጠሪ የሆኑት፥ በ1957 በቶምቡክቱ የተወለዱት የታሪክ ጸሓፊ እስማኤል ዲያዲዬ ሐይዳራ፥ በ1990ዎቹ በዘመዶቻቸው እጅ ተበትነው የነበሩትን መጻሕፍት ከየመንደሩ ማሰባሰብ ጀመሩ። በ1999 እንግሊዛዊው ጆን ሃንዊክ ወደ ቶምቡክቱ በሄደ ጊዜ ስብስቡን አሳዩት። ሃንዊክ በዚህ መጽሐፍ ጕዳይ ሠላሳ ዓመት ያህል የደከመ ሰው ስለ ነበር፥ እንዲህ ያለውን ነገር በድንገት ማየቱ ምን ያህል እንዳስደነቀው መገመት አያስቸግርም። ቍጥሩ 3,000 ያህል ሲሆን፥ በብዙዎቹ ኅዳግ ላይ የካቲ ሰዎች የጻፉት ማስታወሻ ነበረበት። ሃንዊክም ስለ ካቲዎች አመጣጥ ያገኘውን በ2001 አሳተመ።

ከማስታወሻዎቹ ሁሉ ዋናው «አል-ሺፋ» በተባለው መጽሐፍ ላይ የሚገኘው ነው። አል-ሺፋ በ1149 ያረፈው የሴውታው ተወላጅ ቃዲ ዒያድ ስለ ነቢዩ ሙሐመድ የጻፈው የታወቀ መጽሐፍ ነው። ማስታወሻውን የጻፈው ዐሊ ኢብን ዚያድ አል-ቁጢ ሲሆን፥ መጽሐፉን በ45 ምትቃል ወርቅ በሕጋዊ ግዥ እንደ ገዛው፥ ይህም የጐት ሰዎች ዋና ከተማ ከነበረችው ከከተማው ከቶሌዶ ከወጣ ከሁለት ወር በኋላ እንደ ሆነ፥ ወደ ጥቍር ሕዝብ አገርም በመጓዝ ላይ እንዳለ ይገልጻል። ቀኑ በሂጅራ ሙሐረም 873፥ ማለት በ1468 ክረምት ነው። መጽሐፉ የተገዛው በሰሐራ መካከል ባለችው በቱዋት እንደ ሆነ ይነገራል።

ቶሌዶ ከ1085 ጀምሮ በክርስቲያን ነገሥታት እጅ የነበረች የእስጳንያ ከተማ ናት፤ እስላሞችም በውስጧ እየገበሩ ይኖሩ ነበር። በ1467 ከአይሁድነት ወደ ክርስትና በተመለሱትና በነባሮቹ ክርስቲያኖች መካከል ታላቅ ሁከት ተነሥቶ የከተማይቱ ክፍል በእሳት ተቃጥሏል። ዐሊ ከዚህ በሚቀጥለው ዓመት መውጣቱ ከዚህ ጋራ ይያያዛል ብሎ መጠርጠር ይቻላል፤ ማስታወሻው ግን ስለ ምክንያቱ አንድ ቃል አይናገርም። በበረሓ መካከል 190 ግራም ያህል ወርቅ ለመጽሐፍ የሚከፍል ስደተኛ ግን ባዶ እጁን የሸሸ እንዳልነበረ ይታወቃል። የቤተ ሰቡ ትረካ እንደሚለው ከዚያ አልፎ ጉምቡ በተባለች የሶኒንኬ ከተማ ተቀመጠ፤ ከሲላ ወገን የሆነችና የአስኪያ ሙሐመድ ዘመድ የነበረች ኻዲጃ የምትባል ሴት አገባ፤ ማሕሙድም ከእርስዋ ተወለደ።

እንግዲህ ቤተ ሰቡ ሁለት የዘር ሐረግ አለው። በመጽሐፉ መቅድም ሶኒንኬ ነው፤ በኅዳጉ የጐት ዘር ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ ብዙ ችግር የለም ሊባል ይችላል፤ አንዱ በእናት፥ ሌላው በአባት ነው። ነገር ግን ይህን ያህል በቶሎ ማረፍ አይገባም።

ከስሙ እንጀምር። «ቁጢ» ማለት በዐረብኛ የጐት ሰው ማለት ነው፤ ሃንዊክም «ካቲ» የሚለው ስም የዚህ ለውጥ እንደ ሆነ ገመተ። የላቲን ፊደል ለሚጠቀም ሰው ሁለቱ ስሞች ተቀራራቢ ናቸው። የእኛ ፊደል ግን እንደ ዐረብኛው ድምፆቹን ስለሚለይ ርቀቱን በደንብ ያሳየናል፤ የአንዱ መጀመሪያ «ቀ»፥ መጨረሻውም «ጠ» ሲሆን፥ በታሪኩ መጽሐፍ የተጻፈው ስም በ«ከ» ይጀምራል፥ በመካከሉ ዐይን አለበት፥ በ«ተ» ይጨርሳል፤ ካዕት ማለት ነው። ስም ከልሳን ወደ ልሳን ሲሻገር ድምፁን እንደሚለውጥ እናውቃለን። ቢሆንም ዐረብኛ ጠንቅቀው የሚያውቁ፥ መዝገበ ቃላት በወርቅ የሚያስገዙ ሊቃውንት የአባታቸውን ስም ሦስት ፊደል አፋልሰው መጻፋቸው ምክንያት ይጠይቃል።

የአባቱ ስምም እንዲሁ ነው። መቅድሙ ሐጅ አል-ሙተወኪል ይለዋል፤ ማስታወሻው ዐሊ ኢብን ዚያድ። «ሙተወኪል» በፈጣሪው የሚታመን ማለት ስለ ሆነ የተጸውዖ ስም ሳይሆን የክብር ቅጽል ሊሆን ይችላል፤ እኛም አንድን ሰው በክርስትና ስሙ፥ በዓለም ስሙና በፈረስ ስሙ ስንጠራው ለባዕድ ሰው ሦስት ሰዎች ይመስሉታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን 1468 የተባለው ዓመት ነው። በመቅድሙ መሠረት ማሕሙድ የተወለደው በ1468 ነው። በማስታወሻው መሠረት አባቱ በዚያው ዓመት ገና በሰሐራ መካከል መጽሐፍ ይገዛ ነበር፤ ገና አላገባም። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ መውደቅ ያለበት የመቅድሙ ቃል ነው፤ አስቀድመን እንዳየነው መቅድሙ ለአንድ ከሊፋ ጥቅም በሌላ ዘመን የተዘጋጀ፥ ማሕሙድንም የአስኪያ የሐጅ ጓደኛና የትንቢቱ የዓይን ምስክር ለማድረግ ዕድሜውን ወደ ኋላ ሊስብ የሚገባው ነውና። ማስታወሻው ከቆመ በ1593 የሞተው ማሕሙድ ወይ ከ1468 ብዙ ዘግይቶ ተወልዷል፥ ወይም የመጀመሪያው ማሕሙድ የልጅ ልጅ ሆኖ በአያቱ ስም ተጠርቷል። በአያት ስም መጠራት በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ በእኛም አገር ካሣ ኃይሉና ኃይሉ ካሣ እየተፈራረቁ በአንድ ቤት ሲወርዱ ትውልድ ቈጣሪው ካልተጠነቀቀ ሁለት ሰው ይውጣል ወይም አንዱን ሰው ሁለት ያደርጋል።

ማስታወሻው ራሱስ? ኅዳግ የዋህ ነው ብሎ ማመን የታሪክ ሰው ትልቅ ፈተና ነው። ኑሕ የጻፈው ገዥዎች እንዲያነቡት ነበር፤ የኅዳግ ጸሓፊ ግን የሚጽፈው ለራሱና ለልጆቹ ነው፤ ስለዚህ የሚያታልለው ሰው የለም ይባላል። ነገር ግን ቤተ ሰብም መንግሥት ነው፤ ለልጆች የሚጻፈውም ስለ አባቶች ክብር ነው። በማስታወሻ ላይ የተጻፈ ቀን ማስታወሻው የተጻፈበት ቀን ላይሆን ይችላል፤ የጥንቱን ቃል ከአረጀ ወረቀት ወደ ሌላ ኅዳግ የሚገለብጥ ልጅ የአባቱን ቀን አብሮ ይገለብጣልና። ወረቀቱ በብርሃን ሲታይ የሚገልጠው ምልክት፥ የቀለሙ ዓይነት፥ የእጁ ጽሕፈት፥ ይህ ሁሉ ተመርምሮ ነው ፍርድ የሚሰጠው። ስለ ካቲ ኅዳጎች ጥርጣሬ የገለጹ ተመራማሪዎች የተነሡትም በዚህ ነው። የደቡብ አፍሪካዋ ተመራማሪ ሱሳና ሞሊንስ ዪቴራስ ከ2013 ጀምሮ ባወጣቻቸው ጽሑፎች ስብስቡ ስለ ጥንት ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን ስብስቡ ራሱ እንዴት እንደ ተሠራ፥ በማን እጅ እንደ ዞረ መጠየቅ እንደሚገባ አሳይታለች። ጥያቄው የቤተ ሰቡን ስም ለማጕደፍ የቀረበ አይደለም። የነገሥታትን ቅጂ በጥርጣሬ መርምሮ የቤተ ሰብን ኅዳግ ያለ ምርመራ የሚቀበል ሚዛን ግን ሚዛን አይባልም።

የትውልዱን ክርክር ለጊዜው ወደ ጐን ብንተወው፥ ከእነዚህ ማስታወሻዎች ሌላ ብዙ ነገር ይገኛል። ለማሕሙድ ካቲ ከሚሰጡት አንዱ በሂጅራ 991 በረጀብ ወር፥ ማለት በ1583 ክረምት፥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከዋክብት በሰማይ አራት ማዕዘን እንደ እሳት እየተወረወሩ ሌሊቱን ብርሃን እንዳደረጉት ይናገራል። ይህ በየዓመቱ በነሐሴ የሚታየውን የተወርዋሪ ከዋክብት ብዛት ያስታውሳል። ከዚህ የዘር ክብር አይገኝም፥ ርስትም አይወረስም፤ እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ሰው የሚጽፈው ስላየና ስለ ተደነቀ ብቻ ነው።

በ2003 የእስጳንያ የአንዳሉሲያ ክፍለ ሀገር መንግሥት በሰጠው ገንዘብ የካቲ ቤተ መጻሕፍት በቶምቡክቱ ተከፈተ። አንዳሉሲያ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ከእስጳንያ የወጡትን ሰዎች መጻሕፍት ለማኖር ቤት መሥራቷ በጊዜው ብዙ ተወርቶለታል። በሚያዝያ 2012 ግን ታጣቂዎች ቶምቡክቱን ያዙ፤ በጥር 2013 ከተማይቱን ሲለቁም በአሕመድ ባባ ተቋም ያገኟቸውን መጻሕፍት አቃጠሉ። የሚበዙት የከተማይቱ መጻሕፍት ግን አስቀድመው በሣጥን ተጭነው በመኪናና በጀልባ በምስጢር ወደ ባማኮ ተወስደው ነበር። የካቲ ቤተ ሰብ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ስብስቡን እንደ አባቶቻቸው ልማድ በዘመዶች መካከል በትነው ደበቁት። እስማኤል ዲያዲዬ ሐይዳራም ወደ እስጳንያ ተሻገሩ።

ወደ ባማኮ የተወሰዱትን መጻሕፍት ከ2013 ጀምሮ ፎቶግራፍ ካነሡት ተቋሞች አንዱ በአሜሪካ በሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን ገዳማትና አድባራት፥ የግለሰቦችንም መጻሕፍት በማይክሮፊልም ለማንሣት የተቋቋመው ሥራ ተባባሪ ነበረ። በዚያ ሥራ የተደከመበትን ዝርዝር ካዘጋጁት ሊቃውንት አንዱ በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እርሳቸው ከመጽሐፉ ስምና ከደራሲው ቀጥሎ በባዶው ገጽ ላይ ማን ምን እንደ ጻፈ፥ የማን መሬት ለማን እንደ ተሸጠ፥ መጽሐፉን ማን እንዳስጻፈውና ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ሰጠው እየለቀሙ በዝርዝሩ አስገብተዋል። የመጽሐፍ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው እንዲህ ካላደረገ፥ አል-ሺፋ በየአገሩ ስለሚገኝ ያ የቱዋት ቅጂ ከብዙዎቹ አንዱ ተብሎ ያልፋል፤ 45 ምትቃሉም፥ ቶሌዶም፥ ገዥውም ሳይነበቡ ይቀራሉ።